ሴንት ፖል ላይ ደብል ፔን ወይስ ትሪፕል ፔን? ለጠየቅሽው እህታችን

እህቴ፣ እንኳን ለቤቱ አበቃሽ። ደብል ፔን ማለት ባለ ሁለት ድርብ መስታወት መስኮት ነው፣ ትሪፕል ፔን ደግሞ ባለ ሦስት። በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት እንደገዛሽ፣ የመስኮት ሻጩም «ሁሉንም መስኮት ትሪፕል ፔን አድርጊው፣ የጋዝ ቢልሽ በግማሽ ይወርዳል፤ ዛሬ ከፈረምሽ ደግሞ ቅናሽ አለ» እንዳለሽ ጽፈሻል። እኔ እዚሁ ሚኒሶታ መስኮት በመግጠም ነው የምተዳደረው። አትፈርሚ። «ዛሬ ብቻ» ያለሽ ሰው ነገም ይደውላል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋውን ቀንሶ ነው።

ግማሽ የሚለውን እርሺው። የአሮጌ ቤት ሙቀት በጣሪያውም፣ በቤዝመንቱ ጠርዝም፣ በበሩ ሥርም ነው የሚያመልጠው። መጀመሪያ በጋዝና መብራት ድርጅትሽ በኩል የኢነርጂ ኦዲት፣ ማለትም ቤቱ ሙቀት የሚያባክንበትን ቦታ የሚፈልግ ምርመራ፣ አስደርጊ። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲስቡት፣ እጅሽን በመስኮቱ ዙሪያ ብታዞሪ ብርዱ የሚገባበትን ቦታ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ብዙ ጊዜ የሚነፍሰው በፍሬሙና በግድግዳው መሀል ነው፤ መስታወቱ ምንም አላደረገም።

መቀየሩ ግድ ከሆነ፣ አዲስ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን የኤንኤፍአርሲ (የመስኮቶችን ብቃት የሚመዝነው ድርጅት) ወረቀት አንብቢ። ዩ-ፋክተር የሚለው ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስወጣ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ነጠላ መስታወት ወደ 1 ይጠጋል፣ ሎው-ኢ (ሙቀትን የሚመልስ ስስ ሽፋን) የተቀባና በመስታወቶቹ መሀል አርጎን የሚባል ጋዝ የተሞላ ደብል ፔን 0.27 እስከ 0.30 አካባቢ ነው፣ ጥሩ ትሪፕል ፔን 0.20 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ኢነርጂ ስታር የሚባለው የመንግሥት የኃይል ቁጠባ ምልክት ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ለኛ ለሰሜኑ ክፍል 0.22 ወይም ከዚያ በታች ይጠይቃል፤ ፀሐይ በደንብ ለሚያስገባ መስኮት ብቻ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ይቀበላል። አንዳንድ ሻጭ ግን የመስታወቱን መሀል ብቻ የተለካ ቁጥር ይነግርሻል። ፍሬሙ ሲጨመር ይከፋል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የጠቅላላ መስኮቱ ስለሆነ ኮንትራቱ ላይ እሱን አስጽፊ።

ሌላው ቁጥር ሶላር ሂት ጌይን ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ምን ያህል እንደሚገባ ይነግርሻል። ለቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መስታወት መግዛት የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ደቡብ በኩል ዛፍ ካልጋረደው 0.40 አካባቢ ፈልጊ፣ በበረዶው ወራት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ በነፃ ታሞቅሻለች። ምዕራብ በኩል ግን በጁላይ ከሰዓት በኋላ ትጠበሻለሽ፤ እዚያ 0.25 ይበቃል። ትሪፕል ፔን ገንዘቡን የሚያወጣው በሰሜን በኩልና አልጋሽ መስኮት ሥር ከሆነ ነው። ሀይዌይ አጠገብ ከሆንሽ ድምፁንም ይቀንስልሻል። ቤዝመንቱን ተዪው፤ ፍሬሙ ካልበሰበሰ ከውጭ ሎው-ኢ ስቶርም ዊንዶው (በነባሩ መስኮት ላይ የሚደረብ ተጨማሪ መስኮት) ብታስጨምሪበት በጣም ርካሽ ነው።

መስኮቱ ሲመጣ ሳይገጠም ላይተር አብርተሽ አስጠጊው። ደብል ፔን ላይ የነበልባሉ ነጸብራቅ አራት ሆኖ ይታይሻል፣ ትሪፕል ላይ ስድስት። አንዱ ነበልባል ቀለሙ ከሌሎቹ ለየት ካለ ሎው-ኢው አለ። ሁሉም አንድ ከሆኑ ሠራተኛውን አቁሚና ጠይቂ።

መስኮቱ ስለ ማላቡ የጻፍሽው፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ካላበ ጥፋቱ የእንፋሎት ነው። ወጡ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ፣ ጀበናው ሲደጋገም፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሲሆን የትኛውም መስኮት ያልበዋል፤ የኩሽናውን ማራገቢያ ክፈቺ። በሁለቱ መስታወት መሀል ካላበ ግን ማሸጊያው ሄዷል፣ አርጎኑም ወጥቷል። ያኔም ፍሬሙ ደህና ከሆነ መስታወቱን ብቻ ማስቀየር ይቻላል፤ ይሄን ሻጭ አይነግርሽም።

እስከ 600 ዶላር የነበረው የፌዴራል ታክስ ክሬዲት እስከ 2025 መጨረሻ ለተገጠመ መስኮት ነበር፤ አሁን ይመለስልሻል ካሉሽ አትስሚ። መታጠቢያ ገንዳው አጠገብ ያለው መስኮት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴምፐርድ (ሲሰበር ስለት ሳይሆን በትናንሹ የሚፈረካከስ መስታወት) መሆን አለበት፣ የግንባታ ኮዱ ያስገድዳል። ዋጋው ውስጥ መግባቱን ጠይቂ፤ በኋላ «ተጨማሪ» ብለው ያስከፍሉሻል።