ፒኤስ3 በጊጋኸርዝ ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን ፒኤስ4 አሸነፈው?

ከኮምቦልቻ የጻፍክልን ወንድማችን፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰህ ፕሌይስቴሽን ቤት እየሠራህ መሆኑን፣ ጥገና ልማር ወይስ ሶፍትዌር ብለህ እንዳመነታህ ነግረኸናል። «ፒኤስ3 3.2 ጊጋኸርዝ፣ ፒኤስ4 ደግሞ 1.6 ከሆነ አሮጌው አይበልጥም ወይ?» ብለህም ጠይቀሃል።

ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ እንጂ በአንድ ምት የሚያልቀውን ሥራ አይነግርህም። በ2006 የወጣው ፒኤስ3 አንድ ዋና ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) እና ለጌም የሚውሉ 6 ረዳቶች ነበሩት። እያንዳንዱ ረዳት የራሱ 256 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ስላለው፣ ፕሮግራመሩ ሥራውን ቆራርጦ ካላቀበለው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ራሙም (ጌሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ለሁለት የተከፈለ ነው፤ 256 ሜጋባይት ለፕሮሰሰሩ፣ 256 ለግራፊክሱ። የ2013ቱ ፒኤስ4 ግን 8 ተመሳሳይ ኮሮችና 8 ጊጋባይት የጋራ ራም ይዞ መጣ፤ ራሙ ብቻ 16 እጥፍ ነው። ፒኤስ5 በራም የፒኤስ4 እጥፍ ብቻ ነው፤ ትልቁ ዝላይ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት የሚያነበው ኤስኤስዲው (ጌሙ የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) ነው።

ይህን ማወቅ ዕቃ ስትገዛ ይጠቅምሃል። እንጀራ የሚሆንህ ግን ብልሽቱን ማወቅ ነው፤ ለዚህ ጥገናውን እንመርጥልሃለን። ኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ሄደህ የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ ጠይቅ። ውጤትህ ዩኒቨርሲቲ ካስገባህ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያው ከተማህ ነው።

እስከዚያው በጆይስቲክ ጀምር። ሳይነካ ወደ አንድ ጎን የሚሄደው የፒኤስ4 ጆይስቲክ ብዙ ጊዜ አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) አልቆ ነው፤ አዲስ ለመቀየር 14 እግር ትነቅላለህ። መጀመሪያ በአሮጌው የብየዳ እርሳስ ላይ ፍላክስ (እርሳሱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት) እና አዲስ እርሳስ ጨምር፤ አለበለዚያ ከቦርዱ ሰፊ መዳብ ጋር የተያያዙት የግራውንድ እግሮች ሙቀቱን ስለሚውጡት እርሳሳቸው አይቀልጥም፣ በጉልበት ስትስብ የቦርዱ ፓድ (እግሩ የሚበየድበት መዳብ) ይነሳል። እጅህ ሲፈታ ወደ ኤችዲኤምአይ (የቲቪው ኬብል የሚሰካበት ሶኬት) እለፍ፤ 19 ቀጫጭን እግር አለው። ነጭ መብራት በርቶ ምስል ከሌለ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይር፣ ቀጥሎ የታጠፈ እግር እንዳለ በአጉሊ መነጽር እይ። ሶኬቱን ቀይረህም ካልመጣ ከጀርባው ያለው የምስል አይሲ (ቺፕ) ይሆናል።

ፓወር ሳፕላይ ገመዱ ተነቅሎም ከ300 ቮልት በላይ በካፓሲተሩ ሊይዝ ስለሚችል፣ በመልቲሜትር ሳትለካ አትንካው። የፒኤስ5 ሂትሲንክንም (ሙቀት ማስወጫውን ብረት) ለጊዜው አታንሳ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው እንደ ፒኤስ4 ፔስት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው፤ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰ ሾርት ያደርጋል።