ፋይሉ ተከፈተ፣ አማርኛው ግን የለም

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። በ1990 ዓ.ም. የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በሲዲ አሉን። ስከፍታቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቁ ይወጣል። ተበላሽተው ነው? ልጣላቸው?
ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትጥያቸው! አልተበላሹም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት ነው) የገባው እንደ ፈረንጆች በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ላቲኑ ነው። እኔም አንዴ የታተመውን ቅጂ ጎኔ አድርጌ ርዕሱን ፊደል በፊደል ሳመሳክር አምሽቻለሁ። «መ» ባለችበት ሁሉ ያቺው ምልክት ትመጣለች። ጽሑፉ እንዳለ ያመንኩት ያኔ ነው።

ሲዲውን ዛሬውኑ ገልብጪ፤ ዕድሜው አያስተማምንም። ዋናውን ፋይል አትንኪ። በዎርድ ስትከፍቺው የፎንቱ ስም ከላይ ይታያል፤ እሱን መዝግቢ። ያለ እሱ መቀየሪያ ፕሮግራም መምረጥ ይከብድሻል። ከዚያ ቅጂውን ወደ ዩኒኮድ ቀይሪና ከታተመው ጋር አስተያዪ፣ በተለይ ቁጥሩንና ሥርዓተ ነጥቡን። ፎንቱን አብሮ የሚይዝ ፒዲኤፍም አውጪለት። ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይሁን።