በደብረ ብርሃን ውርጭ ብስክሌት መንዳት፦ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የ38 ዓመት መምህር ነኝ። ክብደቴን ለመቀነስ ብዬ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን 7 ኪሎ ሜትር በብስክሌት እመላለሳለሁ። የክረምቱን ዝናብና ጭቃ እንደ ምንም አለፍኩት፤ ከኅዳር ወዲህ ያለው ውርጭ ግን አሸነፈኝ። ጠዋት ስነዳ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አፍንጫዬ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ደረቅ ሳል ይይዘኛል። ባለቤቴ «ብርድ ይመታሃል፣ ተወው» ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከመነሳቴ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ ብቀምስ እንደሚሻለኝ ይመክረኛል። የነቢያትንም ጾም እጾማለሁ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየነዳሁ በቀሩት ቀናት ባጃጅ እይዛለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የክረምቱን ጭቃ ያለፈ ሰው የበጋውን ውርጭ ማለፍ እንደማይሳነው ልንገርዎ። ሁለቱ ግን የተለያዩ ብርዶች ስለሆኑ የሚፈልጉት መላም የተለያየ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ስለሚወስድ፣ የረጠበ ልብስ ለብሶ የሚነዳ ሰው ቅዝቃዜው ያን ያህል ባይበረታም እንኳ ይንቀጠቀጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር፣ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን የሚያግድላት ደመና አይኖርም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ቢታይ የሚያስገርም አይደለም። በጣም የሚቀዘቅዘውም ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእርስዎ ባልሆነበት ቀን መነሻዎን በግማሽ ሰዓት ብቻ ቢያዘገዩት፣ ከማንኛውም ውድ ጓንት ያላነሰ ጥቅም ያገኛሉ።

ብስክሌት ላይ የሚሰማዎት ብርድ ቴርሞሜትር ከሚያሳየው የበለጠ መሆኑንም ማወቅ ይገባል። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋስ ባይኖር እንኳ፣ እርስዎ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ፊትዎና እጅዎ የሚሰማቸው ቅዝቃዜ 1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነፋሱን የሚፈጥሩት ራስዎ ነዎት ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል፣ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉን ለማዞር የሚውለው ከሩብ አይበልጥም፤ የተረፈው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰው ብዙ ልብስ ደራርቦ ከቤት ይወጣና ከ10 ደቂቃ በኋላ በላብ የሚጠመቀው በዚህ ምክንያት ነው። ላቡ የጥጥ ሸሚዝ ውስጥ ይቀራል፤ የረጠበው ሸሚዝም ከላይ የተናገርኩትን የሐምሌን ብርድ በታኅሣሥ መልሶ ያመጣል። ከቤት ሲወጡ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለዎት ልብስዎ ልክ ነው።

ከሰውነት ጋር የሚነካካው ልብስ ስስ ሱፍ ቢሆን፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ቢደረብ ይበቃል። ሱፍ እርጥበት ቢይዝም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የመንዝ ሰው በርኖሱንና ባናውን ከበግ ጠጉር መሥራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። (በርኖስ ለብሶ ብስክሌት ለመንዳት የሚሞክር ካለ ግን ጠርዙ ካቴና ውስጥ ገብቶ እንደሚጥለው አስቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።) ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ከሌለዎት፣ በሹራቡና በኮቱ መካከል ደረትዎ ላይ አንድ ጋዜጣ ዘርግተው ማስገባት ይችላሉ፤ የድሮ ብስክሌተኞች መላ ነው፣ ይሠራልም። ትምህርት ቤትም አንድ ደረቅ ሸሚዝ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ጣቶችዎ ልምጣ። ሰውነት ሲበርደው ልብንና አንጎልን የመሳሰሉ የውስጥ አካላትን ለማዳን ሲል ወደ ጣት የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። በዚህም የተነሳ ደረትዎና አንገትዎ ከበረዳቸው የቱንም ያህል ወፍራም ጓንት ቢያጠልቁ ጣትዎ አይሞቅም፤ አንገትዎን በፎጣ ወይም በሹራብ ሲጠቀልሉ ግን ጣትዎም ይጠቀማል። ጓንቱ የሱፍ ሆኖ በላዩ ሰፋ ያለ የቆዳ ወይም የላስቲክ ጓንት ቢደረብ መልካም ነው። ጠበብ ያለ ጓንት፣ እንዲሁም ሁለት ካልሲ ተደራርቦ በግድ የገባበት ጫማ፣ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርጉ ብርዱን ያብሳሉ። ትምህርት ቤት ሲደርሱ የደነዘዘ እጅ እሳት ላይ አይሙቁ፤ ስሜት የሌለው እጅ መቃጠሉን አያውቅም፣ ድንገተኛው ሙቀትም ጣትን የሚያሳብጥና የሚያሳክክ ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። ብብትዎ ውስጥ ወይም ለብ ባለ ውሃ ቀስ ብለው ያሙቁት።

ይሁንና መደንዘዝ ሁሉ የብርድ አይደለም። የሚደነዝዙት የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ብቻ ከሆኑ፣ በተለይም እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱም የሚሰማዎት ከሆነ፣ ምክንያቱ መዳፍዎ መሪው ላይ ሲያርፍ የሚጨመቀው ነርቭ ሳይሆን አይቀርም። የዚህ መድኃኒቱ የእጅዎን አያያዝ በየደቂቃው መቀያየር፣ መሪውን ትንሽ ከፍ ማድረግና ኮርቻው ወደ ፊት ያዘነበለ እንዳይሆን ማስተካከል ነው። ጣቶችዎ ድንበር ባለው ሁኔታ መጀመሪያ ነጥተው፣ ቀጥሎ ጠቁረው፣ ሲሞቁ ደግሞ ቀልተው የሚጠዘጥዙ ከሆነ ግን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሲጋራ ይህን ችግር ያባብሰዋል፤ ለደም ግፊት ከሚሰጡ መድኃኒቶችም እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት ሊያባብሱት ስለሚችሉ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የአፍንጫው መፍሰስ አያሳስብዎት። አፍንጫ ወደ ሳንባ የሚገባውን አየር የማሞቅና የማርጠብ ሥራ ስላለው፣ በደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሥራው ሲበዛበት ፈሳሽ ያበዛል፤ መሐረብ መያዝ ይበቃል።

ሳሉን ግን ችላ አልለውም። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሦስት አራተኛ ያነሰ በመሆኑ፣ ዳገት ሲወጡ ብዙ አየር መሳብ ይኖርብዎታል፤ በአፍ የሚሳበው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የአየር ቧንቧዎችን ውስጠኛ ገጽ ያደርቃል፣ በአንዳንድ ሰዎችም ቧንቧዎቹ እንዲጠብቡ ያደርጋል። እንዲህ ያለው መጥበብ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው እንቅስቃሴው ካቆመ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሲሆን በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ቀስ ብለው ይንዱ፤ አፍንጫና አፍዎን በነጠላ ወይም በስካርፍ ሸፍነው የሚያስወጡት ትንፋሽ የሚገባውን አየር እንዲያሞቀው ያድርጉ፤ ዳገቱ ከከበደዎት ወርደው መግፋት ነውር አይደለም። ይህን ለ2 ሳምንት ሞክረው ካልቀነሰ፣ ወይም ደረትዎ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወይም የመታፈን ስሜት ካለ፣ ትንፋሽዎ እንዲለካ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ችግሩ አስም ሆኖ ከተገኘ ከመንዳትዎ በፊት የሚሳብ መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ ከጎረቤት ተውሶ መሳብ ግን አይገባም።

ሳሉ በማይነዱባቸው ቀናትም የሚኖርና 2 ሳምንት የሞላው ከሆነ፣ በተለይም ሌሊት ማላብ፣ ከአሁኑ ጥረትዎ በላይ የሆነ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ፣ ብርዱን ከመውቀስ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። ዳገት ላይ ደረትን ጨምድዶ ይዞ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም ካለም መንዳቱን አቁመው ልብዎን ይታዩ፤ ብርድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

የባለቤትዎን ስጋት በአክብሮት እቀበለዋለሁ፤ «ብርድ መታው» የሚለው አነጋገር ከብዙ ዘመን ልምድ የመጣ ነው። ሆኖም ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በዚህ ወቅት ቫይረሱን የሚያገኙት መንገድ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ቤት ውስጥ ይልቅ የምሰጋው ለሌላ ነገር ነው፦ ማታ በርዶት የገባ ሰው በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዞ እንዳይተኛ አደራ እላለሁ፤ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ይገድላል።

ጾሙን በተመለከተ፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የሚዘልቅ በመሆኑ ከብርዱ ወራት ጋር ይገጥማል። ጤናማ ሰው ሳይበላ 7 ኪሎ ሜትር መንዳት አያቅተውም፤ ማታ በደንብ ከተመገቡ ጡንቻና ጉበት ያጠራቀሙት ስኳር ለጠዋቱ መንገድ ይበቃል። ስለዚህ የማታው ገበታ ሽሮና ምስር ብቻ ሳይሆን በሶ ወይም የገብስ ቂጣ ይጨመርበት። ብርድ የጥማትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባይጠማዎትም ውሃ ይጠጡ። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ሳይበሉ አይንዱ፤ ጉዳዩን ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት።

ስንፍና እንደተጫነዎት በደብዳቤዎ ባይጽፉትም በመስመሮቹ መካከል አንብቤዋለሁ። በሰሜኑ ዓለም አገሮች ቀኑ እጅግ ስለሚያጥር የብርሃን ማነስ ሰውን ያደክመዋል ይባላል፤ በእኛ አገር ግን በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን አለው፤ ስለዚህ የእርስዎን ድካም በዚያ ማሳበብ አይቻልም። የሚያሸንፍዎት አንድ ሰዓት፣ ማለትም ከብርድ ልብሱ የሚወጡበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ልነሳ ወይስ ልተወው ብለው ከራስዎ ጋር አይከራከሩ፤ ክርክሩ ማታ ይለቅ። ልብስ፣ ጓንትና መሐረብ ወንበር ላይ ይደርደሩ፣ ጎማው ማታውኑ ይነፋ፣ በዚያው መንገድ የሚሄድ ባልደረባ ካለ መንገድ ላይ ለመገናኘት ይቀጣጠሩ። ደግሞም በየቀኑ መንዳት አይጠበቅብዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ደርሶ መልሱ 1 ሰዓት ያህል ቢፈጅብዎት ሦስት ቀን 180 ደቂቃ ይሆናል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብን ለብስክሌት፣ ማክሰኞና ሐሙስን ለባጃጅ ቢመድቡ፣ በባጃጁ ቀን እንደ ተሸነፈ ሰው አያቀርቅሩም። ጉም በወረደ ጠዋት ግን ቀኑ የብስክሌት ቢሆንም ይለውጡት፤ የደሴው መንገድ ላይ የሚከንፈው የጭነት መኪና ሾፌር በጉም ውስጥ አያይዎትም።

የቀረው የባልደረባዎ አረቄ ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ፊትን ያሞቃል፤ ሆኖም ያ ሙቀት ከውስጥ ወጥቶ በነፋሱ የሚወሰድ የራስዎ ሙቀት ነው፤ ከዚያም በላይ ፍሬን የሚይዘውን እጅና መንገድ የሚያየውን ዐይን ያዘገያል። ባልደረባዎን በሻይ ይመልሱት፤ እርሱም ብስክሌት ካለው ረቡዕ ጠዋት አብሮዎት ይንዳ።