የከተማ ስም ላይ ሲደርስ የሚወድቀው ፕሮግራም፦ ጥያቄና መልስ

በትእዛዝ መስመር የሚሠራውን የስም መዝገብ ማደራጃ የምጠግነው እኔ ነኝ። ጠይቁ፤ ብቻ የስህተት መልእክቱን ሙሉውን ቅዱ፣ የእትሙንም ቁጥር ጻፉ።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እትም 1.2 ነው። «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይዘጋል፤ የመውጫ ቁጥሩ 139 ነው። የፍኖተ ሰላምን መዝገብ ይጨርሳል፤ የእኛ ከተማ ስም ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል።

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲቀርብ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። 139 ማለት 128 ሲደመር 11 ነው፤ ፕሮግራም በምልክት ሲገደል የመውጫ ቁጥሩ 128 ሲደመር የምልክቱ ቁጥር ይሆናልና። 11 ደግሞ ፕሮግራም ያልተፈቀደለትን ሚሞሪ ሲነካ ሊኑክስ የሚልክበት ምልክት ነው። ለምን ነካ? በዩቲኤፍ 8፣ ማለትም ፊደል በኮምፒውተር በባይት በሚጻፍበት ዘዴ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ 3 ይይዛል። አሮጌው ኮድ ለስም የመደበው 20 ባይት ብቻ ነው። «ፍኖተ ሰላም» 6 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 19 ባይት ነው፤ የስሙን መጨረሻ የሚያሳየው የመዝጊያ ዜሮ (1 ባይት) ሲጨመር 20 ሞልቶ ለጥቂት ያልፋል። «ደብረ ማርቆስ» ግን ከነመዝጊያው 23 ነው። የተረፈው 3 ባይት አጠገቡ የተቀመጠውን የሚሞሪ አድራሻ ይደመስሳል፤ ፕሮግራሙም በተበላሸው አድራሻ ሲሄድ ይወድቃል። «ደብረ ኤልያስ»ም ያው ነው። እትም 1.3 ቦታውን በባይት ለክቶ ይመድባል፤ እሱን ጫኑ። ስሙን አሳጥራችሁ ወይም በላቲን ጽፋችሁ እንዳታልፉት! ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጥፋቱ የኮዱ እንጂ የፊደሉ አይደለም።

ከዳንግላ፦ እኔ ጋ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? መልእክቱን ሙሉውን ቅዱ።

ከባሕር ዳር፦ የእኔ 137 ይላል፤ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው።

መልስ፦ በምልክት 9 ተገድሏል። አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ሲያልቅ ነው። ፋይሉን ከፋፍሉት።

ከሞጣ፦ «ባህር ዳር» እና «ባሕር ዳር» ሁለት ከተማ ሆነው ይወጣሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን አይዋሐዱም?

ከቢቸና፦ የለም፣ ወንድሜ! ለፍለጋ ይዋሐዱ፤ ሰው የጻፈው ግን አይነካ።

ከሞጣ፦ መዝገቡ ከተደበላለቀ ፍለጋው ምን ይረባል?

መልስ፦ ቢቸናዎች ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን ይህ ከመውደቁ ጋር አይገናኝም። ለብቻው አቅርቡት።

ከቡሬ፦ እኔም ጋ ይወድቃል።

መልስ፦ እትሙ? መልእክቱ? ሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው። 1.3 ላይም ከወደቀ በጂዲቢ (ፕሮግራም የት እንደወደቀ በሚያሳየው መሣሪያ) አስነሡት፤ ሲወድቅ በላቲን ፊደል «ቢቲ» (bt) ብላችሁ ጻፉና የሚወጣውን ሁሉ ላኩልኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ መምህር፣ 1.3 ጫንሁ፤ መዝገቡ እስከ መጨረሻው አለፈ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።