ለምግብ ብሎገሮች ኮንፈረንስ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?

ሰላም እህቴ። የአበሻ ምግብ አሰራር የምታወጪበት ድረ ገጽ እንዳለሽ፣ እዚህ አሜሪካ ለሁለት ቀን የምግብ ብሎገሮች ኮንፈረንስ ትኬት እንደቆረጥሽ ጽፈሻል። «ምን ይዤ ልሂድ? በርበሬና ቅቤ ብወስድስ? ባዶ እጄን እንዳልመለስ ምን ላድርግ?» ላልሽው የማውቀውን ልጻፍልሽ።

ከሁሉም በፊት አንድ ምግብ ምረጪና ልኩን በግራም ጨርሰሽ ሂጂ። እዚያ የሚጠይቁሽ ስንት ግራም፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ይተካል የሚለውን ነው። «እንደሚበቃ አድርጎ» የሚለው የእናቶቻችን መልስ ወጥ ቤት ውስጥ ትክክል ነው፣ እዚያ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ዶሮ ወጥ ከሆነ 1.5 ኪሎ ለምትመዝን ዶሮ 1 ኪሎ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ከ70 እስከ 80 ግራም በርበሬና 120 ግራም ገደማ ንጥር ቅቤ ጥሩ መነሻ ነው። ቁሌቱ ላይ ግን አትቸኩይ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ቅባት፣ በመጠነኛ እሳት፣ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ እየተማሰለ እንደሚቁላላ አስረግጠሽ ንገሪያቸው። በ10 ደቂቃ በርበሬ የጨመረ ሰው ሽንኩርቱ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ ይሆንበትና ጥፋቱን ባንቺ አሰራር ላይ ይጥላል። በርበሬውንም በማንኪያ ብቻ አትለኪ፤ ደቆ የተፈጨውና ሸካራው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም።

በርበሬ ውሰጂ፣ ቅቤውን ተዪው። ንጥር ቅቤ በኤርፖርት ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚታይ፣ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ይወስዱብሻል። ቤት የተነጠረ ቅቤ ለማያውቁት ሰው ማደልም አይመከርም፤ ብዙ ሆቴሎችም ከውጭ የመጣ ምግብ አዳራሽ ውስጥ እንዲቀርብ አይፈቅዱም። ዱቄት ነገር ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ለብቻው ወጥቶ ሊፈተሽ ስለሚችል በርበሬውን ለአየር መንገዱ በምታስረክቢው ትልቅ ሻንጣ አድርጊው። ከ15 እስከ 20 ግራም በሚይዙ ትናንሽ ከረጢቶች ከፋፍለሽ፣ ሁሉንም ደግሞ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ሌላ ከረጢት ክተቺ፤ ያለዚያ ልብስሽ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እያንዳንዱ ላይ ውስጡ ያለውን ጻፊበት፦ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ያለው ሁሉ። ዳቦ ቆሎ ከጨመርሽ ስንዴ፣ ቆሎው ለውዝ ካለበት ለውዝ ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ሰሊጥም ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ እዚህ አገር መጠቀስ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗል። እንጀራ ይዞ መጓዝ አያዋጣም፤ ደርቆ ጠርዙ ከተሰባበረ በኋላ ያየው ሰው እንጀራ ይሄ ነው ብሎ ይሄዳል።

የፎቶ ስልጠና ካለ እሱን አስቀድሚ። ንግግሮቹ ብዙ ጊዜ ተቀድተው ለትኬት ገዢዎች ይላካሉ፣ ብርሃን ሲስተካከል አጠገብ ቆሞ ማየት ግን በቪዲዮ አይተካም። ለእኛ ምግብ አሰልጣኙን የምትጠይቂው ወጥ በአዳራሽ ቢጫ መብራት ለምን ቡናማ እንደሚመስል ነው። ከጎን የሚገባ የመስኮት ብርሃን ተጠቀሚ፣ እዚያው ብርሃን ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጠሽ የካሜራውን የቀለም ሚዛን በእሱ አስተካክዪ፤ በወዲያኛው በኩል ነጭ ካርቶን ብታቆሚ ጥላው ይለዝባል። የጥቁር ጤፍ እንጀራን ካሜራው ለራሱ ከተተወ ከልክ በላይ አብርቶ ግራጫ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ካሜራው ላይ የብርሃን መጠኑን ትንሽ ቀንሺ። ወጡን ደግሞ ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው እንጀራው ላይ የምታወጪው። አሥር ደቂቃ ከቆየ መረቁ ይሰርግና ዓይኑ ይጠፋል፣ ያንን ደግሞ ምንም ማስተካከያ አይመልሰውም።

አሁን ምርታቸውን በብሎገሮች ለማስተዋወቅ ኮንፈረንሱ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚጠብቁት ድርጅቶች ጋ እንምጣ። እዚያ ማንም የሌለው፣ አንቺ ግን ያለሽ ነገር የጾም ቀን መቁጠሪያችን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ምስር፣ ሽሮ፣ አተር ወይም ዘይት ለሚሸጥ ድርጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙዎቹ ግን ሰምተውት አያውቁም። ቀኑም ይንቀሳቀሳል፦ በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12፣ በ2027 ደግሞ ሜይ 2 ስለሆነ የጾሙ መግቢያ ከፌብሩዋሪ 16 ወደ ማርች 8 ይሄዳል። ቀኖቹን በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ ላይ አስፍረሽ፣ ከጎኑ የድረ ገጽሽን የጎብኚ ቁጥር የአንድ ዓመት አድርጊው። የአንድ ወር ቁጥር ብቻ ከሰጠሽ በጾምና በበዓል ሰሞን የሚጨምረው አይታይም። ሥራው ከጾሙ ሁለት ሦስት ወር በፊት መጀመር እንዳለበትም ንገሪያቸው።

ጠረጴዛው ላይ ግን ምንም ነገር አትስማሚ። ውሉ በኢሜይል ይምጣ፣ ከዚያ ሦስት ነገር ፈልጊበት፦ ፎቶሽን የት የትና ለስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙበት፣ ክፍያው ኢንቮይስ ከላክሽ በስንት ቀን እንደሚገባ፣ እና ተፎካካሪ ምርት እንዳትጠቀሚ የሚከለክለው አንቀጽ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ። በተለይ ሦስተኛውን አደራ። አንድ የቅቤ አምራች «ሌላ ቅቤም ሆነ ዘይት አታሳዪ» ብሎ ለስድስት ወር ካሰረሽ ግማሹ የወጥ ዓይነት ሄደ ማለት ነው።

ገንዘብ ባይከፍሉሽም፣ በነጻ የሰጡሽን ዕቃ ስታሳዪ ስጦታ መሆኑን ከላይ፣ ሰው ሳይፈልገው በሚያየው ቦታ መግለጽ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን መመሪያ ነው። ቪዲዮው በአማርኛ ከሆነ መግለጫውም በአማርኛ ይሁን፤ አማርኛ ለሚሰማ ተመልካች በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ አይበቃም።

የትኬት፣ የሆቴልና የጉዞ ደረሰኝ አትጣዪ፤ ብሎጉን እንደ ሥራ በታክስ የምታስገቢው ከሆነ ይቀነስልሻል፣ የምግቡ ግን በአብዛኛው ግማሹ ብቻ ነው።

ጾመኛ ከሆንሽ ስትመዘገቢ «ቬጀቴሪያን» ሳይሆን «ቪጋን» የሚለውን ምረጪ፣ የመጀመሪያው ወተትና እንቁላል አለበት። ከቀኖቹ አንዱ አርብ መሆኑንም አስቀድመሽ እዪ።

ቢዝነስ ካርድሽን በማያብለጨልጭ ወረቀት አሳትሚ፤ ከጀርባው በብዕር ይጻፍበታል። የሰዎችን ካርድ ስትቀበዪ ደግሞ ምን እንደተነጋገራችሁ እዚያው በሁለት ቃል ጻፊበት፣ ማታ ላይ ሠላሳ ካርድ ዘርግተሽ ማን ማን እንደነበር አታስታውሽም። በሁለት ቀን ውስጥም ሦስት መስመር ኢሜይል ላኪ፦ የት እንደተገናኛችሁ፣ ስለምን እንዳወራችሁ፣ የዶሮ ወጡ ልክ ያለበት ሊንክ።