12 ካሬው 12 ካሬ ሆኖ ይታይ

«ጋሼ» ብለሽ ጀምረሻልና እኔም እንደ ልጄ ላናግርሽ።

መጀመሪያ ሌላውም አንባቢ እንዲገባው የጻፍሽልኝን ባጭሩ ልናገር። የምትኖሪው ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ከቴክኒክና ሙያ በህንፃ ግንባታ ተመርቀሻል። ሰርግ ከሚቀርፁ ልጆች ጋር ረዳት ሆነሽ ፎቶ ተምረሻል። ያለሽ አንድ ክሮፕ ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳው አነስ ያለ) እና አብሮት የመጣው 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ የሌንስ ቁጥር ባነሰ መጠን ሰፋ አድርጎ ያያል። አሁን የሚሸጡና የሚከራዩ ቤቶችን ማንሳት ጀምረሻል። አንድ ደላላ «10 ሚሊሜትር ሌንስ ግዢ፤ መኝታ ቤቱን ሳሎን አስመስለሽ አንሺልኝ፤ ለእያንዳንዱ ቤት እከፍልሻለሁ» ብሎሻል። እናትሽ የእቁብ ዕጣዋን ለሌንሱ ልትሰጥሽ ነው። አጎትሽ ቋሚ ስራ ያዢ ይላሉ። አንድ የዲዛይን ቢሮ ደግሞ በግማሽ ቀን ረዳት ድራፍተር (የህንፃ ፕላን የሚስል) ሊያደርግሽ ፈልጓል፤ አንቺ ግን ጊዜዬን ይበላብኛል ብለሽ አመንትተሻል። የጠየቅሽኝ «ሌንሱን ልግዛ ወይ?» ብለሽ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ደላላው ነው።

ከ6 ዓመት በፊት ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ስዛወር ቤት የተከራየሁት በቴሌግራም ፎቶ አይቼ ነው። ስራ ይዞኝ በአካል አልሄድኩም። ፎቶው ላይ ሳሎኑ ሶፋ፣ ቡፌና የምግብ ጠረጴዛ ችሎ ገና መተላለፊያ ይተርፈዋል። የ3 ወር ኪራይ ቀድሜ ከፈልኩ። እቃችንን በአይሱዙ ጭነን አዘዞ ደረስን። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ዝም አለች። ሜትር አውጥቼ ለካሁት፤ 3 በ3.20። ሶፋው ከገባ በሩ አይከፈትም። ቁምሳጥናችን በረንዳ ላይ ሁለት ሌሊት ዝናብ መታው። ደላላው ስልኩን አላነሳም። እኔ ግን ይበልጥ ያዘንኩት በፎቶ አንሺው ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር። ጥበቱን በዓይኑ አይቶታል። እና ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ አልፈልግም።

ሌንሱ ራሱ ጥፋት የለበትም። ቤት ውስጥ ዋይድ፣ ማለትም ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌንስ፣ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ልሂድ ብትዪ ግድግዳ ነው። ነገሩን እንደ ህንፃ ባለሙያ እዪው። የክፍል ጥግ 90 ዲግሪ ነው። ጥጉ ላይ ቆመሽ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ፎቶ ለማስገባት ሌንስሽ በአግድም 90 ዲግሪ ማየት አለበት። ይህ ሰሌዳው ትልቅ በሆነው በፉል ፍሬም ካሜራ 18 ሚሊሜትር ነው። በአንቺ ክሮፕ ካሜራ 12 ገደማ ይሆናል። አሁን ያለሽ ሌንስ በ18 ላይ የሚያየው ከ70 ዲግሪ በታች ነው። ስለዚህ ያንሰኛል ማለትሽ ልክ ነው።

ከ12 በታች ስትወርጂ ግን ክፍሉ አይሰፋም። የሚጨመርልሽ አጠገብሽ ያለው ግድግዳና ወለል ነው፤ እሱም ተለጥጦ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ደግሞ ፎቶው ላይ ያንሳል። ያነሰውን ነገር ዓይናችን ሩቅ ነው ብሎ ያነበዋል። 3 ሜትሩ 6 ሜትር የሚመስለው በዚህ ነው። በፎቶው ዳር ያለው ነገር ሁሉ ወደ ውጭ ይሳባል። ክብ መሶብ እዚያ ከዋለ እንቁላል ይሆናል። ፍሪጁ ቁምሳጥን ያክላል። ክብ ነገር ከዳር አርቂ፤ አልጋውንም እግሩ ስር ተጠግተሽ አታንሺው።

አብዛኛውን ክፍል ከ14 እስከ 16 ባለው መጨረስ ይቻላል። ከበሩ ውጭ መተላለፊያው ላይ ቆመሽ ማንሳት ልመጂ። አንድ ሜትር ወደ ኋላ ማለት ከብዙ ሚሊሜትር ያድንሻል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ደረትሽ ከፍታ አድርጊውና ፍጹም ቀጥ ይበል። ትንሽ ወደ ላይ ካዘነበለ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ የሚወድቁ ይመስላሉ፤ ዋይድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፒያሳ ውጪና ከጣሊያን ጊዜ ህንፃዎቹ ፊት ቆመሽ ሞክሪው፤ አንዴ ካየሽው አትረሺውም። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ካሜራውን ሳታነቃንቂ 3 ፎቶ፣ አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ደመቅ አድርገሽ አንሺና አዋህጃቸው። ይሄ ማታለል አይደለም። ዓይናችን የሚያየውን ካሜራው ስለማይችል ማገዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቺ ጋ ሌላው ፎቶ አንሺ የሌለው ነገር አለ። ሜትር መያዝ ታውቂያለሽ። ፕላን መስራት ታውቂያለሽ። ከእያንዳንዱ ቤት ፎቶ ጋር አንድ ገጽ ፕላን ስሪ፤ የየክፍሉ ልክ በቁጥር ይጻፍበት። ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ቤት ሲገዛ የቦታውን ካሬ ከካርታው ያገኘዋል። የመኝታ ቤቱን ስፋት ግን የሚነግረው ፎቶው ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሊያስተምር ተመድቦ ከሩቅ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። ቁጥሩን የሚያገኘው ካንቺ ከሆነ ፎቶሽንም ያምናል።

ለዚህ ነው የዲዛይን ቢሮውን ስራ ያዢው የምልሽ። እኔ ለ11 ዓመት ድራፍተር ነበርኩ። ዓይኔን ልክ ያስያዘልኝ ያ ወንበር ነው። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ካሜራ። ቤት ውስጥ ጥሩ ብርሃን ጠዋት ብቻ አይገኝም፤ ወደ ምዕራብ የዞረ ሳሎን ከሰዓት ያምራል።

የእናትሽን እቁብ አትንኪ። ይህን በግልጽ ልናገር፦ ልጅን መውደድና ያለችውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ሌንስ ላይ ማዋል አንድ አይደለም። ነገ ብትታመም ሌንሱ አያሳክማትም። እምቢ በያት፤ ብትቀየምም ያልፍላታል። መጀመሪያ ከሰርግ ልጆቹ ዋይድ ሌንስ ተከራዪ ወይም ተዋሺ። 5 ቤት አንሺበት። ከዚያ ባገኘሽው ያገለገለ 10–18 ግዢ፤ ለክሮፕ የተሰራው ከፉል ፍሬሙ 16–35 በጣም ይረክሳል።

አጎትሽ ስለ ቋሚ ስራ ሲያነሱ ደሞዙን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩሽ። ኪራይና ቀለብ ሲቀነስ ስንት እንደሚተርፍ አብራችሁ አስሉ። ሌላ መልስ አያስፈልጋቸውም።

ያሰብሽውን ድሮን ለጊዜው እርሺው፤ ያለ ፈቃድ አይበርም። አዲስ አበባ ልሂድ ያልሽውም አሁን አይቸኩልም። ባዶ ቤት ለማንሳት ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ ወንድምሽ ትራይፖድ ይያዝልሽ።

ለደላላው ደግሞ እንዲህ በዪው፦ «ክፍሉን ንጹህና ብሩህ አድርጌ አነሳልሃለሁ፤ ልኩን ግን ከስሩ እጽፋለሁ።» ከተስማማ ጥሩ። ካልተስማማ ጎንደር ውስጥ ሌላ ደላላ አይጠፋም፤ በቀጥታ የሚያከራይ ባለቤትም አለ። እንግዳ እንደ ድሮው ባይጎርፍም ጥምቀት ሲቃረብ ክፍላቸውን በፎቶ ማሳየት የሚፈልጉ ማረፊያ ቤቶች አሉ። በህዳር አንኳኪባቸው፤ በጥር ከሆነ ዘግይተሻል።

የመጀመሪያውን ቤት ስትጨርሺ ፎቶውንና ፕላኑን አንድ ላይ ላኪልኝ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።