«እለማመዳለሁ፣ ግን አልሻሻልም» ላልከው ወንድሜ

«በሳምንት ሦስት ቀን ጎልፍ እለማመዳለሁ፣ ውጤቴ ግን ከ100 አልወርድ አለ፤ ምን ይሻለኛል?» ብለሃል (ጎልፍ ላይ ምትህ ባነሰ ቁጥር ነው የምትሻለው)። ሳነበው የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። እኔ እዛው ቦታ ላይ ዓመት ሙሉ ተቀርቅሬ ነበር።

አንደኛ፣ ድራይቨሩን፣ ማለትም ኳሱን ሩቅ የምትልክበትን ረጅሙን ዱላ፣ ቀነስ አድርገው። በ18 ጉድጓድ ጨዋታ ድራይቨር የምታወጣው ቢበዛ 14 ጊዜ ያህል ነው። ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምታንከባልልበትን ዱላ፣ ፓተርን፣ ግን ከ30 ጊዜ በላይ ትይዛለህ። እኔ ከመቶ ኳስ ሰማንያውን በድራይቨር ነበር የምመታው። ላብ በላብ ሆኜ ስወጣ «ዛሬ ሠራሁ» እላለሁ። ጨዋታ ስገባ ግን ያ ምት ይጠፋብኛል።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሠላሳኛው ኳስ የሚያምረው በሃያ ዘጠኙ እጄን ስላፍታታሁ ነው። ጨዋታ ላይ ግን ያለችህ አንዲት ኳስ ናት።

ልምምድ ቦታ ላይ ቆመህ የምትመታበት ሰው ሠራሽ ምንጣፍም ያታልላል። ዱላው ከኳሱ ኋላ ቢያርፍ እንኳ ተንሸራቶ ኳሱን ያገኘዋል፣ ኳሱም ይበራል። ሣር ላይ ያው ምት አፈር ይዝቅና ኳሱን እግርህ ሥር ያስቀረዋል። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ወራት አባከንኩ። አስተማሪ ቀጥሬም ጠይቄ ነበር። ስልኩን እያየ «ዝም ብለህ ብዙ ምታ» አለኝ፤ የሰዓቱን ሒሳብ ግን ሙሉውን ተቀበለ። እስካሁን ያናድደኛል።

ሁለተኛ፣ ደብተር ያዝ። እኔ ኪስ የምትገባ ደብተር አለችኝ፤ ከጨዋታ በኋላ ምቶቼ የት እንደባከኑ እጽፍባታለሁ። የአምስት ጨዋታ ስደምር የጎዳኝ ድራይቨር አልነበረም። ከአንድ ሜትር የሳትኳቸው ፓቶች (የፓተር ምቶች) እና ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር፣ ዳር ደርሼ ያበላሸኋቸው አጫጭር ምቶች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዴን ገለበጥኩት።

አሁን አንድ ሰዓት ካለኝ ግማሹን ግሪን ላይ ነኝ። ከፓተሩ ራስ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ሁለት ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) እተክላለሁ። ፓተሩ ቲዎቹን ሳይነካ በመሃላቸው እያለፈ፣ ከአንድ ሜትር አሥር ኳስ በተከታታይ ማስገባት አለብኝ። ዘጠነኛውን ብስት ከዜሮ እጀምራለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ስምንተኛው ላይ ነው፤ የምፈልገውም ያንኑ ነው፣ ጨዋታ ላይ የሚመጣው እሱ ስለሆነ።

በቀረው ግማሽ ሰዓት ሠላሳ ኳስ ብቻ እመታለሁ። አንድ ዱላ ሁለቴ በተከታታይ አልይዝም። ድራይቨር፣ ከዚያ 7 አይረን (የመካከለኛ ርቀት ዱላ)፣ ከዚያ ዌጅ (የአጭር ርቀት ዱላ)፣ የማውቀውን ሜዳ በሐሳቤ እየተጫወትኩ። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ከኳሱ ኋላ ቆሜ ዒላማ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ምቶችህ ይበላሻሉ፣ አትደንግጥ።

ሦስተኛ ልልህ የነበረውም ወደ ደብተሩ ይመልሰኛል። በአራተኛው ወር 96 ጻፍኩባት። ገጿን አሁንም ገልጬ አያታለሁ፣ እኮራባታለሁም።

አንተ መጀመሪያ የመጨረሻ ሦስት ጨዋታዎችህን የፓት ብዛት እዚህ ጻፍልኝ። ከየት እንደምትጀምር አብረን እናያለን።